ጨርቅ ያለቀበት ሱሪ

ልጆቼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ አንድ ዓመት በዚችው ጠባብ ሱቅ፣ በዚችው በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጫለሁ። ሰው ሲገባ ፊቱን ከማየቴ በፊት ወገቡን አያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ዓይኔ የለመደው እዚያ ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለ አንድ ወገብ ነው፤ ስለ ወዳጄ ስለ ሹፌሩ ወገብ። በመሃሉ እኔ ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ነገሩ የጀመረው በቀይ ክር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት የሰፈራችን ሴት የባሏን ሱሪ በፌስታል ጠቅልላ አመጣችና ግራ ቀኝ አይታ፣ "ጋሼ፣ ወገቡን ጣት ታህል ይልቀቁልኝ። እሱ ግን እንዳይሰማ፤ ወፈርክ ካሉት ሦስት ቀን ነው የሚያኮርፈው" አለችኝ። ለቀቅኩላት። ሰውየው ምንም ሳያውቅ ደስ ብሎት ለበሰው። ወሬው ከሴት ወደ ሴት ሄደና ሳንማከር አንድ ደንብ ወጣ፤ ዚፑ ተበላሸ፣ ቁልፉ ወለቀ ተብሎ ሱሪ ይመጣል፤ በቀበቶ ማለፊያው ላይ ቀይ ክር ታስሮ ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው። እኔ ክሩን አያለሁ፣ አንድም ቃል አልተነፍስም፣ ወገቡን እለቃለሁ፣ ክሩን ፈትቼ እጥላለሁ። በዚህ ዓይነት የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ለዓመታት "አልወፈርኩም" እያለ ሲኮራ ኖረ። እኔም በጎ ሥራ የሠራሁ ነበር የመሰለኝ።

ከሁሉም የባሰው ሹፌሩ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ጡረታ ከወጣ አስር ዓመት ቢሆነውም አነጋገሩ ገና ከመሪው ላይ አልወረደም፤ ሰው በር ላይ ተገትሮ ሲያወራ ካየ "ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!" ይላል። በጡረታው ቀን መሥሪያ ቤቱ የሸለመው አንድ ግራጫ ሱሪ አለው፤ እኔው ለክቼ የሰፋሁት፣ ጨርቁ ጠንካራ፣ የካውያው መስመር ቢላ የመሰለ። እሱን ለብሶ በሱቄ በር ባለፈ ቁጥር ቀበቶውን መታ መታ እያደረገ ይቆማል።

"አስር ዓመት! ጡረታ የወጣሁበት ሱሪ ይኸው ዛሬም ልኬ ነው። እናንተ እንደ ሊጥ ኩፍ ስትሉ እኔ አንድ ጣት አልተነቃነቅኩም!"

ይህን ሲል እኔ አንገቴን ደፍቼ በመርፌዬ ቀዳዳ ክር መፈለግ እጀምራለሁ። ያ ሱሪ ከቀይ ክር ጋር አምስት ጊዜ በእጄ አልፏል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የሹፌሩ ሚስት መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትስቅ ድምፅ ሳይወጣት ትከሻዋ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት። ያን ቀን ትከሻዋ ዝም ብሏል። ግራጫውን ሱሪ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ቀይ ክሩ አለ።

ወዲያው መተርተር ጀመርኩ። ሱሪ ከኋላ በኩል፣ ወገቡ መሃል ላይ፣ አንድ ስፌት አለው፤ ደህና ልብስ ሰፊ እዚያ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል። በኋላ የሚለቀቀው ከዚያ ነው። ለወዳጄ ብዬ ለዚህኛው አብዝቼ ትቼለት ነበር። ገለበጥኩት፣ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ በጣቴ ዳሰስኩት።

"እቴ፣ ጨርቁ አልቋል" አልኳት።

"እንዴት ያልቃል?"

"ያለው ሁሉ ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ልልቀቅ ብል ክር የሚይዝ ጠርዝ እንኳ የለውም።"

የደንበኛ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለችና አወራችኝ። ማክሰኞ ዕለት ስንት ለምና ጤና ጣቢያ ወስዳው ነበር። የደም ግፊቱ መቶ ሰባ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ደሙ ውስጥ ያለው ስብ በዛ። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው ሲያዩት ልቡ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ሐኪሙ ክኒን አዘዘለት፤ ጨው ቀንስ፣ ጮማ ቀንስ፣ ተራመድ፣ በሦስት ወር ተመለስ አለው።

"ሲወጣ ነርሷ ወደ ጎን ጠራችኝ" አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "'እማማ፣ እንዲሁ ከቀጠሉ አንድ ቀን ልባቸው ደረጃ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል' አለችኝ።"

"እሱስ ምን አለ?"

"እሱማ ቀበቶውን መታ መታ አድርጎ 'ልጄ፣ ዕቃሽ ተበላሽቷል፤ ባታምኚኝ ሱሪዬን ጠይቂው' አላት። ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮታል። ከጤና ጣቢያ ስንመለስ በመንገድ ላይ ጥብስ ገዝቶ በላ፤ ከእልህ የተነሳ!"

መቀሴን አስቀመጥኩ። ከሐኪም ቃልና ከሱሪ ቃል የሱሪውን መረጠ። የሱሪው ቃል ደግሞ የኔ ቃል ነው።

"ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አመጣሽው?"

"ጋሼ ደግሞ! ሱሪው ከጠበበው ይናደዳል፣ ከተናደደ ግፊቱ ይወጣል። ነርሷ አታናድዱት ብላለች። ከሆነ ጨርቅ ቁራጭ ቀጥለው ያስፉልኝ፤ ግራጫ ነገር አያጡም።"

ሳስበው እውነቷን መሰለኝ። እስከ ሰኞ ተዪልኝ አልኳትና ከሄደች በኋላ የቁርጥራጭ ከረጢቴን ገልብጬ ቀለሙ የሚስማማ ጨርቅ አገኘሁ። ባለ ሦስት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩ፣ በወገቡ መሃል አስገባሁ፣ በስፒል ያዝኩት። ማንም አያውቅም ነበር። ያን ያህል ነው የተካንኩት፣ በውሸት።

ቅዳሜ መጣ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ የቅዳሜ ምሳዬ ከሹፌሩ ቤት ነው። ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ሃያ አራት ደረጃ አለው፤ መሃሉ ላይ ማረፊያና አንዲት መስኮት። ሹፌሩ ሁልጊዜ በር ድረስ ወርዶ ይቀበለኛል፤ አብረን ስንወጣ ማረፊያው ላይ ይቆምና ከመስኮቱ የሚታየውን ያሳየኛል። ዕይታ የሚወድ ሰው ነው እል ነበር።

ያን ቀን መጀመሪያ የውሃ ታንከሩን አሳየኝ። ቀጥሎ የጎረቤቱን የልብስ ማስጫ ገመድ። ቀጥሎ አንዲት እርግብ። "እያት እንግዲህ... እርግቧን... ምን እንደምትሠራ..." አለ፤ እርግቧ ምንም አትሠራም፤ ተቀምጣለች። እጁ የደረጃውን ብረት ጨምድዷል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ስድስት ዓመት ሙሉ ዕይታ ሊያሳየኝ ሳይሆን ትንፋሹ እስኪመለስለት ይቆም እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ማዕድ ላይ ስንቀመጥ ግን ያው ሹፌሩ ነው። ሾርባው ሲቀርብ ሳይቀምስ ጨው ነሰነሰበት።

"መጀመሪያ ቅመሰው እንጂ!" አለችው ሚስቱ።

"ሴትዮ፣ ነዳጅ የሚሞላው መኪናው ከመነሳቱ በፊት ነው።"

ዳቦውን በቅቤ ቀባው፤ ቀባው ስላችሁ፣ ለሰነው ማለቴ ነው። የተቀቀለውን አትክልት ስታስጠጋለት በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ገፋው።

"ነርሷ ምን አለችህ?" አልኩ፤ እንደማላውቅ ሆኜ።

"ነርሷ? የልጅ ልጄ ታህላለች! ወገብዎ መቶ አስራ ሦስት ነው ትለኛለች። መቶ አስራ ሦስት የአውቶቡስ ቁጥር ነው እንጂ የሰው ወገብ ነው? ከመቶ ሁለት ካለፈ ለልብ አደጋ ነው አለችኝ። ሱሪዬ ዘጠና ስምንት ነው፤ የለካኸው አንተ ነህ። ንገራት እንጂ!"

ሚስቱ ሰሃኗን አየች። እኔ ማንኪያዬን አየሁ።

"ለመሆኑ ሱሪዬ የት ሄዶ ነው ቱታ ለብሼ የምውለው?"

"ዚፑ..." አለች ሚስቱ።

"ዚፑን ሠርተህ ሰኞ አስረክበኝ። እሱን ለብሼ እዚያች ልጅ ፊት ሄጄ እቆማለሁ። በሱሪዬ አፍራለሁ እንዴ!"

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሱሪው ከፊቴ ተዘርግቷል፣ ስፒሉ ተሰክቷል፣ የቀረው መኪናዋን መርገጥ ብቻ ነው። ብሰፋው ወዳጄ ደስ ብሎት ወደ ደረጃው ይሄዳል። ባልሰፋው ወዳጄን አጣለሁ፤ ቅዳሜዬንም። እርግቧ ትዝ አለችኝ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሱሪውን ገልብጬ በካውያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ።

"ተቀመጥ" አልኩት።

"ቸኩያለሁ፣ ነርሷ ከመውጣቷ በፊት..."

"ተቀመጥ አልኩህ!"

ተቀመጠ። እኔ ተቆጥቼው አላውቅማ።

ልጆቼ፣ ስፌት ሲተረተር መርፌው የገባበት ቀዳዳ ይቀራል፤ የታጠፈበትም መስመር ቀለሙ ይለያል፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አይጠፋም። ጠመኔዬን ይዤ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።

"ዘጠና ስምንት ያልከው ይኼ ነው፤ ጡረታ የወጣህ ቀን። እዚህ ላይ አንድ ጣት ለቀቅኩልህ፤ በዓመቱ ነው፤ ገበያ በእግርህ መሄድ ያቆምክ ሰሞን። ይኼ ጉልበቴን አለኝ ብለህ ከሶፋ ያልተነሳህ ጊዜ። ይኼ ትልቁ ቴሌቪዥን የገባ ጊዜ። ይኼኛው ትንሿ የልጅ ልጅህ ተወልዳ ኬኩ ከቤት ያልጠፋበት። ይኼ ያለፈው ዓመት ነው፤ መቶ ስምንት። ሐሙስ ዕለት ስድስተኛውን ልለቅ ስል ጨርቁ አለቀ።"

ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱ መስመሮቹን አንድ በአንድ ነካቸው፤ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። በመጨረሻ ቀበቶ ማለፊያው ላይ የቀረውን ቀይ ክር አየ።

"ይኼ የባለቤቴ የሹራብ ክር ነው።"

"የለቀቅኩት እኔ ነኝ። እሷን ተዋት።"

"ሁለታችሁም!" ብሎ ተነሳ። "ስማ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ተሳፋሪ አታልዬ አላውቅም። ፍሬኑ አልይዝ ካለ አልያዘም ብዬ ሰው አወርዳለሁ። ለምን እንደማውቅ ታውቃለህ? ከፊቴ ቀይ መብራት ይበራላ! አንተ መብራቱን ነቀልክብኝ። አስር ዓመት ያለ መብራት አስነዳኸኝ!"

"እውነትህን ነው።"

"ሌባ ነህ እንዳልልህ ሌባ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም! ምን ብዬ ልስደብህ? ስድብ እንኳ የለህም!"

በሩን ከፍቶ ወጣና ጥቂት ተራምዶ ተመለሰ። ይቅር ሊለኝ መስሎኝ ነበር።

"ቅዳሜ እንዳትመጣ" አለኝ። ሱሪውን ትቶ ሄደ።

ሱሪውን ወገቡ እንደተከፈተ በመኪናዋ ፊት ለፊት ባለው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ቅዳሜ ብቻዬን ዳቦና ሻይ በላሁ። ሻዬን በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው የምጠጣው፤ ያን ሰሞን አራት አደረግኩት፣ ከኀዘን የተነሳ።

ቀዩን ክር ግን የዚያኑ ሰኞ አቆምኩት። በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ "ወገብ የሚለቀቀው ባለቤቱ ራሱ ሲመጣ ብቻ ነው።" የሰፈሩ ሴቶች አኮረፉኝ። አንዷማ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ፣ "ጋሼ፣ አሁን በስተርጅና እውነተኛ መሆን አማርዎት?" አለችኝ።

የሹፌሩ ሚስት በሦስተኛው ሳምንት ብቅ አለች። ትከሻዋ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም።

"ክኒኑን የዚያኑ ዕለት ከመሳቢያ አውጥቶ ዋጠ" አለች። "ከዚያ በኋላ ግን አበደልዎት። ምግብ የሚባል እርም አለ! ጠዋት የጎመን ውሃ፣ ማታ የጎመን ውሃ። መብራቱ በርቷል፣ መኪናው ይቁም አለኝ። በዘጠነኛው ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ተሳፋሪዎች ደግፈው አመጡት።"

"ውይ!"

"ነርሷ ልክ ልኩን ነገረችው። 'አባባ፣ ራስዎን ያስርቡ ያለዎት ማን ነው? በእርስዎ ዕድሜ ምግብ ሲጠፋ ስቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ጡንቻዎም አብሮ ይቀልጣል። ልብም ጡንቻ ናት' አለችው። ምስር፣ ባቄላ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ እርጎ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይብሉ፤ ቅቤውን በዘይት ይለውጡ፤ ጨውና ጣፋጭ ነው የሚቀነሰው ብላ በወረቀት ጻፈችለት። ወገቡን በየሁለት ሳምንቱ ተለክቶ እንዲያስመዘግብም አዘዘችው።"

"ስለ እኔስ ምን ይላል?"

"ስምዎን አይጠራም። 'ያ ሰውዬ' ነው የሚለው።" ቦርሳዋን አነሳች። "ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰሃን ነው የማቀርበው፤ አንድም ቀን አንሺው ብሎኝ አያውቅም።"

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ሹፌሩ ራሱ በሩ ላይ ቆመ። የለጠፍኩትን ወረቀት ቆሞ አነበበ። ገባ። ሰላም አላለኝም። ከኪሱ የጤና ጣቢያ ካርድ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"የጤና ጣቢያው ሜትር ተለጥጦ ላስቲክ ሆኗል" አለ ግድግዳውን እያየ። "በዚህ ሰፈር በትክክል የሚለካ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ውሸታም ነው። ስለዚህ አንተ ትይዛለህ፣ ቁጥሩን የማነበው እኔ ነኝ።"

"እሺ።"

"ሆዴን አልሰበስብም።"

"እንዳትሰበስብ።"

ሜትሩን በእምብርቱ ዙሪያ አዞርኩ። መነጽሩን አድርጎ ቁልቁል አየ፤ ሆዱ ከለለው፤ መስታወት ሰጠሁት፤ በመስታወቱ ቁጥሩ ተገልብጦ ታየው። ሁለታችንም ትንሽ ተንገላታን። በመጨረሻ ሜትሩን በጥፍሬ ይዤ አውጥቼ አሳየሁት።

"መቶ አስራ አንድ" አለ፤ ድምፁ ለሰለሰ። "ሁለት ወርዷል።"

"ሁለት ወርዷል።"

"የጠየቅኩህ ነገር የለም!" አለና ሜትሩን ከእጄ ነጠቀኝ። "አሁን ተነስ። ተራው ያንተ ነው።"

"የኔ?"

"አርባ ዓመት ሰው ስትለካ አንተን ማን ለክቶህ ያውቃል? ቁም!"

ልጆቼ፣ እኔ ቀበቶ አላስርም፤ ሱሪዬን በትከሻዬ በሚያልፍ ማንጠልጠያ ነው የምይዘው፤ ወገቡን ሰፋ አድርጌ እሰፋዋለሁ፤ ለመቀመጥ ይመቻል እያልኩ። ሹፌሩ ሜትሩን አዙሮ እንደ ተቆጣጣሪ ጎንበስ አለ። ደግሞ አየ።

"መቶ ዘጠኝ!"

"አይሆንም።"

"መቶ ዘጠኝ! ራስህ እይ! ለመሆኑ ያንተን ሱሪ በድብቅ የሚለቅልህ ማን ነው?"

"ራሴ" አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ።

በደንበኛ ወንበሬ ላይ ወደቀና ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ጎኑን ይዞ ሳቀ። እኔም ያዘኝ። መንገደኛው ቆሞ አየን። ሳቁ ሲበርድለት ዓይኑን በመሃረቡ ጠረገና ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሱሪ አየ።

"አልሰፋኸውም።"

"አንተን እየጠበቀ ነው። አምስተኛው መስመር ላይ፣ በፊት በነበረበት እሰፋዋለሁ። አንዲት ክር አልጨምርም።"

"ቅዳሜ ና" አለ ሲነሳ። "ጨው ግን የለም። ከዚያ በፊት ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። እዚያች ልጅ ፊት እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ የምዋረደው!"

ሄድን። ነርሷ ሳቂታ፣ ግን ዓይኗ የማይታለል ልጅ ናት። ግፊቴን ለካች፣ ደሜን ወሰደች። የኔ ልብ ደህና ነበረች፤ ስኳሬ ግን ጫፍ ላይ ደርሷል።

"ጋሼ፣ ሻይ በስንት ማንኪያ ነው የሚጠጡት?"

"በአንድ..." ልል ስል ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "በሦስት" አልኩ። ጉሮሮውን ደገመ። "አሁን አሁን በአራት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት እንራመዳለን። መንገዱን የመረጠው እሱ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የነዳበትን መስመር። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፌርማታ ሄደን ተመለስን፤ በኋላ ሁለት፣ በኋላ አራት። ፌርማታ በደረስን ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሙን ይጠራል፤ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር ብለው አውቶቡሱን ይፈልጋሉ። ከኬክ ቤቱ ፊት ስንደርስ "እዚህ አንቆምም! ወራጅ የለም!" ይልና እጄን ይዞ ይጎትተኛል። አንድ ቀን ግን እሱ ራሱ ቆመ። መስታወቱን ትክ ብሎ አየ። "ወራጅ አለ?" አልኩት። "ጎማውን ልይ ብዬ ነው" አለና ቀጠለ።

የጨው ዕቃዋን ከቤታቸው አምጥቶ ሱቄ ውስጥ በአደራ አስቀመጠ። የቁልፍ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባት። አንድ ከሰዓት ከጓሮ ስመለስ የተቀቀለ እንቁላል በእጁ ይዞ መሳቢያውን ሲታገል ያዝኩት።

"ቁልፍ... የሸሚዝ ቁልፍ ፈልጌ ነው።"

"በእንቁላል ልትሰፋው?"

ሚስቱ በበኩሏ ወጥ ቤቷን ገለበጠችው። በጨው ፋንታ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ ታበዛለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ሾርባው እንደ ዝናብ ውሃ ነበር፤ በሦስተኛው የካሮቱ ጣዕም መጣልኝ። ለካ ካሮት ጣፋጭ ነው! ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ካሮት ስበላ ጨው ነበር የምበላው።

ሦስቱ ወር ሞላ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ሦስታችንም ሄድን፤ ሹፌሩ ክንዱን ለነርሷ ዘረጋና ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሚስቱ የሹራቧን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

"መቶ ሠላሳ ስድስት" አለች ነርሷ። ወገቡን ለካች፤ የተለጠጠው ሜትር ተቀይሮ አዲስ ነው። "መቶ ሰባት። የደምዎም ስብ ወርዷል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚያስኬድዎት ነገር አይታየኝም፤ ሐኪሙም ይህን ነው የሚልዎት።"

"እንግዲያው ክኒኑን..."

"ክኒኑን ይቀጥላሉ! ግፊትዎ የወረደው በእሱም ጭምር ነው፤ በራስዎ እንዳያቆሙት። ወገብዎም ገና ነው፤ መቶ ሁለት ብያለሁ።"

"አየህ" አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፤ "ይቺ ልጅ አትለቅም። እንዳንተ አይደለችም።"

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቄ። ግራጫውን ሱሪ ከምስማሩ አወረድኩ። ሁለቱ እያዩኝ አምስተኛው መስመር ላይ ሰፋሁት፣ ተኮስኩት፣ ሰጠሁት። ከሦስት ወር በፊት በዚሁ መስመር ላይ ቁልፉ በጭንቅ እየተያዘ ነው ቀይ ክር የታሰረበት። ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ጫማ ሲወልቅ ሰማን። የቀበቶ ብረት ተንቃጨለ። ከዚያ ዝም።

"ደህና ነህ?" አለች ሚስቱ።

እኔና እሷ ተያየን። መጋረጃውን ልገልጥ እጄን ስዘረጋ ራሱ ገለጠው። ሱሪው ተቆልፏል። አንድ ጣቱን በወገቡና በቀበቶው መሃል አስገብቶ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል፤ እንደገባ አላምን ያለ ይመስላል።

"ገባ" አለ። "ጣቴ ገባ።"

የሚስቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህኛው ሳቅ ነበር፤ ለየሁት።

ወጥቶ በሱቁ በር ላይ ቆመና፣ እንደ ድሮው ቀበቶውን መታ መታ አድርጎ ላለፈ ላገደመው ያውጅ ጀመር። "ይኼን ሱሪ አያችሁ? አምስት ጊዜ ለቀውልኝ ነው እዚህ የደረስኩት! አምስት ጊዜ! ማንም አልጠቆመኝም! ከዛሬ በኋላ ወደ አራተኛው መስመር ነው ጉዞው፤ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!"

ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና ለምሳ ወደ ቤታቸው ሄድን። ደረጃውን ሚስቱ ቀደመች፣ እሱ ቀጠለ፣ እኔ ኋላ ሆንኩ። ማረፊያው ላይ ሲደርስ ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ። መስኮቷን አየት አደረጋትና አለፈ። ሃያ አራቱንም ጨርሶ ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ። እኔ ማረፊያው ላይ የብረቱን ድጋፍ ይዤ ቆሜያለሁ።

"አንተ! ምን ሆነህ ቆምክ?"

"እርግቧን... እያየሁ ነው" አልኩት።

"እርግቧ ከሄደች ወር ሆኗታል" አለኝና፣ ሳቁን እንደያዘ ሊያመጣኝ ደረጃውን ወረደ።